በግላኮማ ሕሙማን ላይ የኮርኒያ ጤንነት፦ የተዘነጋው የክትትል ክፍል

አንድ የግላኮማ ታካሚ በቀጠሮው ቀን ወደ ዓይን ክሊኒክ ሲመጣ በካርዱ ላይ የሚሰፍሩት ነገሮች በአመዛኙ የታወቁ ናቸው። የእይታ ጥራቱ ይለካል፤ የዓይን ውስጥ ግፊቱ በሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ይጻፋል፤ የእይታ ነርቩ ራስ ምን ያህል እንደጎደጎደ ይታያል፤ መሣሪያው ባለበት ቦታም የእይታ መስክ ምርመራ ይደረግለታል። ታካሚው በአንደበቱ የሚናገረው ግን ብዙውን ጊዜ ስለ ሌላ ነገር ነው። ጠብታው ያቃጥለኛል፣ ዓይኔን አሸዋ እንደገባበት ይቆረቁረኛል፣ ሲነጋ ይቀላል፣ ሲነፍስ ያስለቅሰኛል ይላል። ይህ ቅሬታ ነርቩ ስላለበት ሁኔታ የሚናገረው ነገር ስለሌለ በወረፋ በተጨናነቀ ክፍል ውስጥ ሳይመዘገብ ይታለፋል።

የቅሬታው ምንጭ ኮርኒያና በዙሪያው ያለው የዓይን ገጽ ነው። ግላኮማ የእይታ ነርቭ በሽታ ሆኖ ሳለ፣ ሕክምናው ከሞላ ጎደል በሙሉ የሚያልፈው በኮርኒያ ላይ ነው። ግፊቱ የሚለካው ኮርኒያን በመጫን ነው፤ ጠብታው ወደ ዓይን ውስጥ የሚዘልቀው በአብዛኛው በኮርኒያ በኩል ነው፤ በዓይን ውስጥ የሚተከሉ ማስተንፈሻ ቱቦዎችም የኮርኒያን የውስጠኛ ሕዋሳት ጎረቤት ናቸው። ስለዚህ ኮርኒያው ሲታመም ልኬቱ ይሳሳታል፣ ታካሚው ጠብታውን ይተዋል፣ ቀዶ ሕክምናውም የመሳካት ዕድሉ ይቀንሳል። በግላኮማ የጠፋ እይታ ደግሞ ተመልሶ አይገኝም።

በቅድሚያ ስለ ስያሜው አንድ ነገር ማስታወስ ይገባል። በአገራችን የልገሳ ቅስቀሳዎች ኮርኒያ «የዓይን ብሌን» እየተባለ ይጠራል። ቃሉ በዕለት ንግግር የዓይኑን ጥቁር ክፍል፣ አንዳንዴም መላውን ዓይን ስለሚያመለክት፣ ሙሉ ዓይን የሚወሰድ የሚመስለው ሰው ቢኖር አያስደንቅም። በዚህ ጽሑፍ ኮርኒያ የሚለው ቃል የሚያመለክተው ከዓይን ፊት ለፊት ያለውን፣ በመሐሉ ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ የሚወፍረውን ብርሃን አስተላላፊ ሕብረ ሕዋስ ብቻ ነው።

ልኬቱና ውፍረቱ

እስከ ዛሬ ድረስ የግፊት ልኬት መመዘኛ ሆኖ የሚያገለግለው ጎልድማን እና ሽሚት በ1950ዎቹ ያስተዋወቁት መሣሪያ ነው። አሠራሩ ቀላል ነው፤ በማደንዘዣ የደነዘዘውን ኮርኒያ 3.06 ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው ክብ ላይ ጠፍጣፋ ለማድረግ የሚያስፈልገው ኃይል ይለካል፣ ከዚያም ወደ ግፊት ይቀየራል። ይህ ስፋት የተመረጠው በምክንያት ነው። ኮርኒያው ላለመታጠፍ የሚያሳየው ግትርነትና እንባው መለኪያውን ወደ ራሱ የሚስብበት ኃይል በዚህ ስፋት ላይ እርስ በርስ ይጣፋሉ ተብሎ ይታሰባል። ስሌቱ ግን የሚሠራው ውፍረቱ ከ520 ማይክሮሜትር እምብዛም በማይርቅ ኮርኒያ ላይ ነው። የሰው ኮርኒያ ደግሞ እንደ ፊቱ ይለያያል። በሳሳ ኮርኒያ ላይ መሣሪያው ከእውነተኛው ያነሰ ግፊት ያነብባል፤ በወፈረው ላይ የበለጠ ያነብባል።

የውፍረት ጉዳይ ከልኬት ስህተትም አልፎ ይሄዳል። የዓይን ግፊታቸው ከፍ ያለ፣ ነርቫቸው ግን ገና ያልተጎዳ 1,636 ሰዎችን የተከታተለው የአሜሪካው የኦኩላር ሃይፐርቴንሽን ሕክምና ጥናት ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2002 ሲያሳትም፣ የመሐል ኮርኒያቸው ውፍረት 555 ማይክሮሜትር ወይም ከዚያ በታች የሆኑት ሰዎች ከ588 በላይ ከሆኑት ጋር ሲነጻጸሩ ግላኮማ የመያዝ ዕድላቸው ሦስት እጥፍ ያህል ሆኖ ተገኝቷል። በዚሁ ጥናት የተካተቱት አፍሪካ አሜሪካውያን ኮርኒያቸው ከነጮቹ በአማካይ ከ20 ማይክሮሜትር በላይ የሳሳ ነበር። ይህን ልዩነት በቀጥታ ወደ ኢትዮጵያ ታካሚዎች ማዛወር ትክክል አይሆንም፤ አፍሪካዊ የሚለው ስያሜ በውስጡ የያዘው ልዩነት ብዙ ነውና። ሆኖም ፓኪሜትር በማይገኝበት ክሊኒክ «ግፊቱ 18 ነው፣ ደህና ነው» ተብሎ የሚሸኝ ታካሚ ኮርኒያው ምን ያህል እንደሚወፍር ካልታወቀ ቁጥሩ ብቻውን ብዙ እንደማይናገር ያሳያል።

ከዚህ በመነሣት ለእያንዳንዱ ማይክሮሜትር ይህን ያህል ይደመር፣ ይህን ያህል ይቀነስ የሚሉ ቀመሮች በየጊዜው ቀርበዋል። እርስ በርሳቸው አይስማሙም። የኮርኒያ ግትርነት በውፍረቱ ብቻ የሚወሰን አይደለምና፣ ብዙ ሊቃውንት ታካሚውን ስስ፣ መካከለኛ ወይም ወፍራም ኮርኒያ ያለው ብሎ መመደቡ በቂ እንደሆነ ይመክራሉ። በጤናማ ዓይን ላይ ይህ ልኬት አንድ ጊዜ ከተወሰደ ለረጅም ጊዜ ስለሚያገለግል፣ መሣሪያው ባለበት ሆስፒታል አንድ ጊዜ ተለክቶ በሪፈር ወረቀቱ ላይ ቢጻፍ ታካሚው ወደ ወረዳው ሲመለስም ይጠቅመዋል።

የታመመ ኮርኒያ ደግሞ ሌላ ችግር ያመጣል። ውኃ የቋጠረ ኮርኒያ ቢወፍርም ስለሚለሰልስ ከእውነቱ ያነሰ ግፊት ያሳያል፤ ጠባሳ የያዘ ኮርኒያ ገጹ ስለሚዛባ አረንጓዴዎቹ ግማሽ ክቦች ተስተካክለው አይገጥሙም።

ጠብታው በዓይን ገጽ ላይ የሚያደርገው

የግላኮማ ሕክምና በአብዛኛው ዕድሜ ልክ የሚቀጥል ጠብታ ነው። ታካሚው ሦስት መድኃኒቶች በተለያዩ ጠርሙሶች ታዘውለታል ቢባል፣ ቲሞሎል በቀን ሁለት ጊዜ፣ ዶርዞላማይድ ሦስት ጊዜ፣ ላታኖፕሮስት ማታ አንድ ጊዜ ይሆናል፤ ስድስት ጠብታ በቀን ማለት ነው። ይህ በዓመት 2,190፣ በአሥር ዓመት 21,900 ጠብታ በአንድ ዓይን ላይ ያርፋል። ለሌላ ለየትኛውም የዓይን በሽታ ለማለት ይቻላል፣ የዓይን ገጽ ይህን ያህል ለኬሚካል አይጋለጥም።

ጉዳቱ በከፊል ከመድኃኒቶቹ ከራሳቸው ይመጣል። ቲሞሎል የኮርኒያን ስሜትና የእንባን ምርት ሊቀንስ ይችላል፤ ብሪሞኒዲን በአንዳንድ ታካሚዎች ላይ ከወራት በኋላ ብቅ የሚል አለርጂ ያመጣል፤ ዶርዞላማይድ አሲድነቱ ስለሚያመዝን ሲገባ ይለበልባል። የበለጠ ትኩረት የሳበው ግን በጠርሙሱ ውስጥ ያለው ማቆያ ነው። ጠርሙሱ ከተከፈተ በኋላ ጀርም እንዳይራባበት ከ1940ዎቹ ጀምሮ ለዓይን ጠብታዎች ሲጨመር የኖረው ቤንዛልኮኒየም ክሎራይድ ይባላል። መጠኑ እጅግ ጥቂት ነው፤ በብዙ የላታኖፕሮስት ዝግጅቶች 0.02 በመቶ ሲሆን በሌሎች ጠብታዎች ከዚያም ያንሳል።

ቤንዛልኮኒየም ክሎራይድ ጀርሞችን የሚገድለው እንደ ሳሙና የሕዋስ ሽፋናቸውን በማፍረስ ነው። ችግሩ የጀርምን ሽፋን ከሰው ሕዋስ ሽፋን አለመለየቱ ነው። እንባ እንዳይተን የሚጠብቀውን ቅባታማ ንጣፍ ይበትናል፤ በኮንጃንክቲቫ ውስጥ ያሉትን ልጋግ አመንጪ ጎብሌት ሕዋሳት ይቀንሳል፤ የኮርኒያ ውጫዊ ሽፋን የሆነውን ኤፒተሊየም አጣብቀው የሚይዙትን መጋጠሚያዎች ያላላል። የመጨረሻው ተግባሩ አንድ ወቅት እንደ ጥቅም ይቆጠር ነበር፤ መጋጠሚያው ሲላላ መድኃኒቱ በተሻለ ይገባል ተብሎ ይታሰብ ነበርና። ማቆያ የሌላቸው ጠብታዎች ከመጡ በኋላ በተደረጉ ንጽጽሮች ግን ግፊትን በመቀነስ ረገድ ጉልህ ልዩነት አልታየም። ለገጹ መላላት ይሰጥ የነበረው ምክንያት ስለዚህ ብዙም አልቆመም።

በታካሚዎች ላይ የሚታየው ከዚህ ጋር ይስማማል። እ.ኤ.አ. በ2008 በአሜሪካ በ101 የግላኮማና የከፍተኛ ዓይን ግፊት ታካሚዎች ላይ የታተመ ጥናት 59 በመቶዎቹ ቢያንስ በአንድ ዓይናቸው የድርቀት ምልክት እንዳላቸው መዝግቧል፤ 27 በመቶዎቹ ስሜቱ ከባድ ነበር። ከዚያ ቀደም ብሎ እ.ኤ.አ. በ2002 በአውሮፓ ከ4,000 በላይ ታካሚዎችን ያካተተ ጥናት፣ ጠብታው ሲገባ የሚሰማቸው ምቾት ማጣት ማቆያ ባለው 43 በመቶ፣ ማቆያ በሌለው 17 በመቶ መሆኑን አሳይቷል። በሁለተኛው ጥናት ማቆያ ያለውን ጠብታ ትተው ወደ ሌላው የተዛወሩ ታካሚዎች ቅሬታቸው መቀነሱም ተመዝግቧል። ይህም ቢያንስ የጉዳቱ አንዱ ክፍል ሊመለስ እንደሚችል ያመለክታል።

እዚህ ላይ ክሊኒኮችን የሚያሳስት ነጥብ አለ። ኮርኒያ በሰውነት ውስጥ ነርቭ በብዛት ከተዘረጋባቸው ሕብረ ሕዋሳት ዋነኛው ነው። በኮንፎካል ማይክሮስኮፕ የተደረጉ ምርመራዎች ማቆያ ያለበት ጠብታ ለረጅም ጊዜ የተጠቀሙ ሰዎች ከኤፒተሊየሙ ሥር ያሉት የነርቭ ጭራሮች መሳሳታቸውን አሳይተዋል። ነርቭ ሲሳሳ ስሜት ይቀንሳል፤ ስሜት ሲቀንስ ቅሬታ ይቀንሳል። በመጀመሪያው ዓመት «ያቃጥለኛል» ሲል የነበረ ታካሚ በአምስተኛው ዓመት ዝም ቢል፣ ተሻለው ማለት ላይሆን ይችላል። ጥያቄ ብቻውን ስለማይበቃ ገጹን በብርሃን ማየት ያስፈልጋል።

ጉዳቱ በምቾት ላይ አይቆምም። ዓይኑን የሚያቃጥለው ሰው ጠብታውን ይዘላል፣ በተለይም ግላኮማ በመጀመሪያ ደረጃው አያምምምና፣ የማያመውን በሽታ በሚያመው መድኃኒት ለማከም ራሱን ማሳመን ይከብደዋል። ሐኪሙም ግፊቱ አልወርድ ሲለው መድኃኒቱ አልሠራም ብሎ አራተኛ ጠርሙስ ይጨምራል። ከዚህ በላይ ደግሞ፣ ለዓመታት በጠብታ የተቆጣ ኮንጃንክቲቫ በትራቤኩሌክቶሚ ጊዜ ፈሳሹ እንዲጠራቀምበት የሚዘጋጀው ሕብረ ሕዋስ ራሱ ነው። ቀድሞ የተቆጣ ከሆነ ቶሎ ጠባሳ ሠርቶ መንገዱን ይዘጋል፤ ቀዶ ሕክምናው የመክሸፍ ዕድሉም ይጨምራል።

ትራኮማ ባለበት አገር

ከላይ የተጠቀሱት ጥናቶች የተካሄዱት ጠብታው ከመጀመሩ በፊት የዓይን ገጻቸው በአመዛኙ ጤናማ በነበረ ሕዝብ ላይ ነው። በኢትዮጵያ ሁኔታው የተለየ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 እና 2006 የተካሄደው ብሔራዊ የዓይነ ስውርነት፣ የእይታ መቀነስና የትራኮማ ጥናት የዓይነ ስውርነትን ስርጭት 1.6 በመቶ አድርጎ ሲያስቀምጥ፣ ከመንስኤዎቹ ውስጥ በትራኮማ ምክንያት የሚመጣ የኮርኒያ ጠባሳ 11.5 በመቶ፣ ግላኮማ ደግሞ 5.2 በመቶ ድርሻ ነበራቸው። ከአዋቂዎች መካከል 3.1 በመቶዎቹ የዓይን ፀጉር መቀልበስ ነበረባቸው።

እነዚህ ቁጥሮች እንደ ሁለት የተለያዩ በሽታዎች ይነበባሉ። ዳሩ ግን ሁለቱም በአንድ ሰው ዓይን ውስጥ ሊገናኙ ይችላሉ፣ ሲገናኙም አንዱ ሌላውን ይሸፍናል። ለአንድ ዓይን አንድ ዋና መንስኤ ብቻ በሚመዘገብበት የዳሰሳ ጥናት፣ ጠባሳው ብርሃን የማያስተላልፍ ኮርኒያ በትራኮማ ዓምድ ሥር ይገባል፤ ከበስተ ጀርባው ያለውን የእይታ ነርቭ ግን ማንም አላየውም። ስለዚህ የግላኮማው ድርሻ ከተቆጠረው ከፍ ሊል እንደሚችል ማሰብ ተገቢ ነው።

በሕክምናውም በኩል ግንኙነቱ ግልጽ ነው። ትራኮማ የላይኛውን ቆብ ውስጠኛ ገጽ ሲያጠብስ ጎብሌት ሕዋሳትንና ቅባት አመንጪ እጢዎችን ይጎዳል። ቤንዛልኮኒየም ክሎራይድም የሚጎዳው ያንኑ የእንባ ንጣፍ ነው። በልጅነቱ ትራኮማ ደጋግሞ የያዘው ሰው በስልሳ ዓመቱ የግላኮማ ጠብታ ሲጀምር፣ ቀድሞ በተጎዳ ገጽ ላይ ሁለተኛ ጉዳት ይጨመርበታል። የተቀለበሰ ፀጉርም ካለ ኮርኒያውን ሲፋቅ ይውላል፤ የጠብታው ብዛት ቁስሉ እንዳይሽር ያደርጋል። ስለሆነም ከሁሉ በፊት ቆቡ ተገልብጦ መታየትና ፀጉሩ መታረም ይኖርበታል። ይህ ውድ መሣሪያ የማይጠይቅ፣ የሠለጠነ እጅ ብቻ የሚፈልግ ምርመራ ነው።

ለወጣቶቹ ደግሞ ሌላ አደጋ አለ። ቨርናል የሚባለው የዓይን አለርጂ በሞቃትና አቧራማ አካባቢ ልጆችን በብዛት ያጠቃል። እከኩ ከባድ ስለሆነ ልጁ ዓይኑን ያሻል፤ ለረጅም ጊዜ ማሸት ከኬራቶኮነስ፣ ማለትም ኮርኒያው እየሳሳና እየሾለ ከሚሄድበት በሽታ ጋር ይያያዛል። እፎይታ የሚሰጠው የስቴሮይድ ጠብታ ደግሞ ያለ ክትትል ከቀጠለ የዓይን ግፊትን ከፍ ያደርጋል። ሁለቱ በአንድ ልጅ ላይ ሲደርሱ፣ መድኃኒቱ ከፍ ያደረገውን ግፊት የሳሳው ኮርኒያ ዝቅ አድርጎ ያስነብበዋል። መሣሪያው 20 ሲል እውነቱ ከዚያ ሊበልጥ ይችላል። ስቴሮይድ ለወራት የወሰደ ልጅ የነርቩ ራስ ሳይታይ በግፊት ቁጥር ብቻ መሸኘት የሌለበት ለዚህ ነው።

የማይተካው የውስጥ ሽፋን

ኤፒተሊየም በሳምንት ወይም በአሥር ቀን ገደማ ራሱን ያድሳል። ከኮርኒያው ጀርባ ያለው ኢንዶተሊየም ግን አይታደስም። ባለ አንድ ድርብ የሆነው ይህ ሽፋን ውኃን ከኮርኒያው እየሳበ በማውጣት ጥራቱን ይጠብቃል። በአዋቂ ሰው በአንድ ካሬ ሚሊ ሜትር 2,500 ያህል ሕዋሳት ይኖሩታል፤ በየዓመቱም በተፈጥሮ 0.6 በመቶ ያህል ይቀንሳሉ። ቁጥሩ ወደ 500 ሲወርድ ፓምፑ ሥራውን መቋቋም ያቅተዋል፣ ኮርኒያውም ውኃ ይቋጥራል።

በድንገት የሚዘጋ የማዕዘን ግላኮማ፣ በአገራችንም በስፋት የሚታየው ሱዶኤክስፎሊዬሽን፣ እና የተደጋገመ ቀዶ ሕክምና ሁሉም ከዚህ ቁጥር ይቀንሳሉ። ዶርዞላማይድ በጤናማ ኢንዶተሊየም ላይ ችግር አያመጣም፤ ነገር ግን የሚያግደው ኢንዛይም ፓምፑም የሚጠቀምበት በመሆኑ ቀድሞ በተዳከመ ኮርኒያ ላይ የማይቀለበስ የውኃ መቋጠር ማስከተሉ ተዘግቧል። የማስተንፈሻ ቱቦ ጫፍ ወደ ኮርኒያው በቀረበ ቁጥርም መመናመኑ ይፈጥናል።

ከዚህ ሁሉ የሚያስተምረው የሳይፓስ ጉዳይ ነው። ይህ በሞራ ቀዶ ሕክምና ወቅት የሚተከል ጥቃቅን ማስተንፈሻ በሁለት ዓመት ክትትል ግፊትን በመቀነሱ እ.ኤ.አ. በ2016 በአሜሪካ ፈቃድ አገኘ። ክትትሉ ወደ አምስት ዓመት ሲራዘም፣ መሣሪያው የተተከለላቸው ሰዎች ከኢንዶተሊየም ሕዋሳታቸው 20 በመቶ ያህል፣ ሞራ ብቻ የተወገደላቸው ደግሞ 10 በመቶ ያህል ማጣታቸው ታወቀ። አምራቹ አልኮን በነሐሴ 2018 እ.ኤ.አ. መሣሪያውን ከገበያ አነሣ። ግፊቱ ወርዶ ነበር፤ በሁለት ዓመት ያልታየው የኮርኒያ ኪሳራ በአምስት ዓመት ታየ። የግላኮማ ሕክምና ጥናት የሚቀርጽ ተመራማሪ የክትትል ዘመኑን ሲወስን ይህን ማሰብ አለበት።

ኮርኒያው አንዴ ከደከመ ያለው መፍትሔ ንቅለ ተከላ ነው። የኢትዮጵያ የዓይን ባንክ እ.ኤ.አ. በ2003 ከተቋቋመ ወዲህ ይህ በአገር ውስጥ ይሠራል። ቢሆንም ግላኮማ ላለበት ሰው የተተከለ ኮርኒያ የመቆየት ዕድሉ ከሌላው ያነሰ ነው፤ ተከላው እንዳይገፋ የሚሰጠው ስቴሮይድም ግፊቱን መልሶ ሊያስነሣ ይችላል።

በተግባር የሚቻለው

ማቆያ የሌላቸው ጠብታዎች ዋጋቸው ከፍ ያለ ነው፤ በየመድኃኒት ቤቱም አይገኙም። ለሁሉም ታካሚ ይታዘዙ ማለት ተግባራዊ አይሆንም። የሚቻለው የጠርሙሱን ቁጥር መቀነስ ነው። ቲሞሎልና ዶርዞላማይድ በአንድ ጠርሙስ ሲቀላቀሉ በቀን ሁለት ጊዜ ይበቃሉ፤ ከላታኖፕሮስት ጋር ከላይ የተሰላው ስድስት ጠብታ ወደ ሦስት ይወርዳል።

ከዚህ ይልቅ ተስፋ የሚሰጠው ጠብታውን ጨርሶ ወደ ኋላ የሚያቆየው የሌዘር ሕክምና ነው። በእንግሊዝ በ718 ታካሚዎች ላይ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2019 በታተመው የላይት ጥናት፣ በሌዘር ከጀመሩት ውስጥ 74 በመቶዎቹ ከሦስት ዓመት በኋላም ያለ ጠብታ የሚፈለገውን ግፊት ጠብቀዋል። በታንዛንያ በኪሊማንጃሮ የተካሄደውና እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመው ጥናት ለእኛ ሁኔታ የበለጠ ይቀርባል፤ ከአንድ ዓመት በኋላ ሌዘር በ61 በመቶ ዓይኖች ሲሳካ ቲሞሎል በ31 በመቶ ብቻ ተሳክቷል። ሁለቱም ጥናቶች በዋናነት የለኩት ስለ ኮርኒያ አይደለም፤ ያልገባ ጠብታ ግን ገጽን አይጎዳም።

ለዕለት ተዕለት ምርመራ የሚያስፈልገው ደግሞ በእጅ ያለ ነው። በጎልድማን መሣሪያ ግፊት ለመለካት ዓይን ውስጥ የሚገባው ፍሎረሰሲን ቀለም የኤፒተሊየምን ቁስል የሚያሳየውም ያው ቀለም ነው፤ ሰማያዊው ብርሃንም ያው ነው። ልዩነቱ ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። ማደንዘዣው ከገባና መለኪያው ኮርኒያውን ከነካ በኋላ የሚታየው ነጠብጣብ ከበሽታው ይሁን ከምርመራው ስለማይለይ፣ ቀለሙ በቅድሚያ በወረቀት ይነካል፤ ታካሚው አንዴ ዓይኑን ከድኖ ከገለጠ በኋላ እንባው እስኪበጣጠስ ያለው ሰኮንድ ይቆጠራል፤ ከአሥር በታች ከሆነ ይመዘገባል። ነጠብጣቡ በኮርኒያው የታችኛው ክፍል ላይ ነው ወይስ በመላው ገጽ የሚለው ይታያል። ማደንዘዣው የሚጨመረው ከዚያ በኋላ ነው፤ ግፊቱም ይለካል። በካርዱ ላይ ከግፊቱ ቁጥር ጎን ለዚህ የሚሆን አንድ መስመር ቦታ ይበቃል።